ስለ ልጆቻችን ክትባት ስንጠይቅ ይመለስልን፦ ግልጽ ደብዳቤ ለጤና ሚኒስትር

ክቡር ሚኒስትር፣

የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሁለቱም ክትባታቸውን ጨርሰዋል። ይህን አስቀድሜ የምነግርዎት ደብዳቤዬን የክትባት ተቃዋሚ የጻፈችው መስሎዎት ወደ ጎን እንዳይሉት ነው። ግን የትንሹን ልጄን የኩፍኝ ክትባት አራት ወር ሙሉ አዘግይቻለሁ። የምጽፍልዎትም ስለዚያ አራት ወር ነው።

ልጄ ገና ጨቅላ ሳለ አንዱን ክትባት በወሰደበት ሌሊት ክፉኛ አተኮሰው። ለቅሶው አላባራ አለ። የተወጋበት ጭኑ አብጦ ጠነከረ። እንዳቀፍኩት ነጋ። ጠዋት ላይ ትኩሳቱ በረደለት፤ በሦስተኛው ቀን ምንም እንዳልነካው ሆነ። እኔ ግን ፍርሃቱ አልወጣልኝም። በሚቀጥለው ቀጠሮ፣ “ያን ሌሊት የሆነው ምንድነው? ይደገም ይሆን?” ብዬ ጠየቅኩ። የተሰጠኝ መልስ “እናንተ ኢንተርኔት እያነበባችሁ አስቸገራችሁን፤ ይከተብ ወይስ አይከተብ?” የሚል ነበር። ከኋላዬ ሰልፍ አለ፤ ሰው ሁሉ ያየኛል። ተሸማቅቄ አስከተብኩና ወጣሁ። የኩፍኙ ቀን ሲደርስ ግን እግሬ አልሄድ አለ።

እውነቱን ለመናገር እስከዚያ ቀን ድረስ ኢንተርኔት ላይ ምንም አላነበብኩም ነበር። ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ከሚያውቅ ሰው መልስ ሳጣ ያገኘሁትን ሁሉ መስማት ጀመርኩ። የኩፍኝ ክትባት ኦቲዝም ያመጣል የሚለውን ወሬ ያገኘሁት እኩለ ሌሊት ላይ ስልኬ ውስጥ ነው። የወሬው ምንጭ እ.ኤ.አ. በ1998 አንድ እንግሊዛዊ ሐኪም 12 ልጆችን ብቻ ይዞ ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ጽሑፍ መሆኑን ማንም አልነገረኝም። ጽሑፉ በ2010 ተሰርዟል፤ ሐኪሙም በዚያው ዓመት የሕክምና ፈቃዱን ተነጥቋል። ዴንማርክ ውስጥ ከ650 ሺህ በላይ ልጆችን ለዓመታት ተከታትሎ በ2019 የወጣው ጥናት ደግሞ ክትባቱ የኦቲዝምን ዕድል ሲጨምር አላገኘም። ይህ በሁለት ደቂቃ የሚነገር ነገር ነው። እኔ ጋ ለመድረስ አራት ወር ፈጀ።

ሐሳቤን ያስቀየረችኝ አንዲት ነርስ ናት፤ ሌላ ጤና ጣቢያ። ወንበር ሳበችልኝና መጀመሪያ ስለዚያ ሌሊት እንድነግራት ጠየቀችኝ። እስክጨርስ ሰማችኝ። “ሰውነቱ መከላከያ መሥራት ሲጀምር እንዲህ ያተኩሳል፤ መፍራትሽ አይገርምም” አለችኝ። ከዚያ የኩፍኙ ክትባት ጠባዩ ለየት እንደሚል አስረዳችኝ። የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ስለሆነ ሰውነት ውስጥ እስኪባዛ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ትኩሳቱ በዚያው ሌሊት ሳይሆን ከ6 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ነው የሚመጣው። ትንሽ ሽፍታም ሊወጣ ይችላል። ከ3,000 እስከ 4,000 ከሚሆኑ ልጆች በአንዱ ላይ ከትኩሳቱ ጋር መንቀጥቀጥ ሊከሰት እንደሚችልም ነገረችኝ፤ ያስደነግጣል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት ጥሎ አይሄድም። “እንዲህ ካየሽ ወዲያው ይዘሽው ነይ” አለች። ምንም አልደበቀችኝም። ያመንኳትም ለዚህ ነው።

በጠርሙሱ ላይ ያለችውን ትንሽ ክብ ምልክትም አሳየችኝ። በክቡ ውስጥ ያለው አራት ማዕዘን ከዙሪያው ቀለም የነጣ ከሆነ ክትባቱን ሙቀት አላበላሸውም ማለት ነው። ማንም ወላጅ በዓይኑ አይቶ የሚረዳው ነገር ነው። ከዚያ በፊት ለምን አንድም ሰው እንዳላሳየኝ እስካሁን ይገርመኛል።

ልጄን በዘጠነኛው ቀን አተኮሰው። አወቅኩት። ውሃ ውስጥ በተነከረ ጨርቅ አበረድኩት፤ እሱም ተኛ፣ እኔም ተኛሁ።

በኋላ የገባኝ ነገር ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የኩፍኝ ክትባት በብዙ አገሮች እስከ ዘጠኝ ወር የሚጠበቀው ሕፃኑ ከእናቱ የወረሰው መከላከያ እስኪሟጠጥ ነው። ቀደም ብሎ ቢሰጥ የእናትየው መከላከያ ራሱ ክትባቱን ሊያከሽፈው ይችላል። እንግዲህ ልጄ በእነዚያ አራት ወራት የእኔም የክትባቱም መከላከያ አልነበረውም። ባዶውን ነበር። አንድ የኩፍኝ በሽተኛ ደግሞ መከላከያ በሌላቸው ሰዎች መካከል ከ12 እስከ 18 ሰው ሊያስይዝ ይችላል። ኩፍኝ የያዘው ልጅ ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ ቫይረሱ እስከ ሁለት ሰዓት አየር ላይ ይቆያል። ልጄ የተረፈው ዕድል ሆኖ ነው። በዕድል መትረፉን ሳስብ ዛሬም ሆዴን ባር ባር ይለዋል።

ክቡር ሚኒስትር፣ ክትባት ባለፉት 50 ዓመታት ቢያንስ 154 ሚሊዮን ሕይወት እንዳተረፈ የዓለም ጤና ድርጅት ገምቷል። ቁጥሩን አምነዋለሁ። ነገር ግን የሚያቃጥል ልጅ ታቅፋ ለምታድር እናት ይህ ቁጥር መልስ አይሆናትም። እሷ የምትጠይቀው ስለ አንድ ልጅ ነው።

ስለ ጎንዮሽ ጉዳት በግልጽ ብናወራ ሕዝቡ ይሸሻል የሚል ስጋት እንዳለ ይገባኛል። እኔ የሚታየኝ ተቃራኒው ነው። በፓስፊክ ውቅያኖስ ያለችውን የደሴቶች አገር ሳሞዋን ያስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2018 ሁለት ሕፃናት የኩፍኝ ክትባት በተሰጣቸው ደቂቃዎች ውስጥ ሞቱ። ጥፋቱ የክትባቱ አልነበረም፤ ነርሶቹ የክትባቱን ዱቄት የበጠበጡት በውሃ ሳይሆን ለማደንዘዣ በሚውል፣ ጊዜው ባለፈበት ጡንቻ የሚያዝል መድኃኒት ነበር። መንግሥት ክትባቱን ለወራት አቆመ። ወሬው ከማብራሪያው ቀድሞ ሄደ፤ የተከታቢው ቁጥር አሽቆለቆለ። በ2019 መጨረሻ ኩፍኝ ገባ። 200 ሺህ ያህል ሕዝብ ባላት አገር 83 ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ነበሩ።

በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ውስጥ ሕፃናትን ከሚያስቀምጠው ከሮታ ቫይረስ የሚከላከል አንድ ክትባት ከአገልግሎት ወጥቷል። አንጀት ወደ አንጀት እንዲገባ እንደሚያደርግ የታወቀው የታየው ነገር ሪፖርት ስለተደረገና ሪፖርቱን የሚያነብ ሰው ስለነበረ ነው። እኔ ስለዚያ ሌሊት የነገርኩት ነገር ግን የትም አልተጻፈም። ጠባሳ ሊተው የሚችል የቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ ክትባት) ቁስል ይሁን የሌሊት ትኩሳት፣ ወላጅ የሚደውልበት ስልክ ይኑር። የደወለም “ተመዝግቧል፤ ምክንያቱ ይህ ነው” ተብሎ ይመለስለት።

የሚዘገይ ወላጅ ሁሉ ተጠራጣሪ አለመሆኑንም ይወቁልን። የኩፍኝ ክትባት ጠርሙስ ብዙ ጊዜ ለ10 ልጆች የሚሆን ነው፤ ከተበጠበጠ በኋላ በ6 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል። ስለዚህ ልጆች ካልሞሉ እናትየዋ “ሌላ ቀን ነይ” ትባላለች። ከሥራዋ አስፈቅዳ የመጣች ሴት ሁለተኛ ላትመጣ ትችላለች። ቆጥቦ ልጅ ከመመለስ ጠርሙሱ ቢደፋ ይሻላል።

ከሁሉ በላይ የምለምንዎት ግን ስለዚያች ወንበር ነው። ነርሶቹን አልወቅስም። አንዲት ነርስ በአንድ ጠዋት ያን ሁሉ ሕፃን እየወጋች፣ ካርድ እየሞላች፣ እንዴት ብላ አሥር ደቂቃ ታዋራኝ? ከምትከትበው ነርስ ሌላ፣ ጥያቄ ያላትን እናት ቁጭ አድርጎ የሚያነጋግር አንድ ሰው በየክትባት ክፍሉ ይመደብ። ቢቻል ከቀጠሮው በፊት፣ ገና በእርግዝና ክትትል ላይ ይጀመር፤ ያኔ የሚያለቅስ ልጅ እጃችን ላይ የለም፣ ልባችንም ለመስማት ይረጋጋል።

የእህቴ ልጅ በሚቀጥለው ወር ዘጠኝ ወር ይሞላታል። እህቴ የእኔኑ ጥያቄ ይዛ ነው የምትሄደው። እዚያ የሚቀበላት ሰው የሚሰማበት ጊዜ እንዲኖረው እባክዎ ከወዲሁ ያስቡበት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት እናት