ከሰልስት በኋላ ማን ይመጣል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ናችሁ? በቅርቡ ስለ ሀዘን ያወጣችሁትን ጽሁፍ አነበብኩት፣ ያ "አምስቱ የሀዘን ደረጃዎች" ምናምን የሚለውን። እኔ የስነ ልቦና ባለሙያ አይደለሁም፣ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ፣ እና ለቅሶ ቤት የማልገባበት ወር የለም ማለት ይቻላል። መካድ፣ መናደድ፣ መደራደር፣ ድብርት፣ መቀበል እያላችሁ ሁሉም ሀዘንተኛ በተራ የሚያልፍበት ነገር አርጋችሁ መጻፋችሁ ግን ልክ አይመስለኝም። ይሄን ሀሳብ በፈረንጆቹ 1969 ያወጣችው ሀኪም ኤልሳቤት ኩብለር ሮስ እኮ ያነጋገረችው በጠና ታመው ሞታቸውን የሚጠብቁ ሰዎችን ነው፣ ለሀዘንተኛው የተለጠፈው በኋላ ነው። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ደሞ ይሄ ተራ የሚባል ነገር እንደሌለ ያውቃል፣ ጠዋት ደረቷን ስትደቃ የነበረችው ሴትዮ ከሰአት የሟችን ቀልድ እያወራች ከት ብላ ትስቃለች፣ ማታ እንደገና ታለቅሳለች።

ለማንኛውም ከፈረንጁ ደረጃ ይልቅ የኛው የራሳችን እምነት ነው ሰውን የሚጎዳው ባይ ነኝ። ዋናው "አርባው ወጣ፣ በቃ ተጽናኑ" የሚለው ነው። ድሮ እኮ ሰልስት፣ ሰባት፣ አስራ ሁለት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት አመት እየተባለ ይቆጠር ነበር፣ ፍትሃቱ ለሟች ነፍስ ነው፣ ግን በዛውም ሀዘንተኛው ቤት ሰው ይመላለሳል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ጋር ባል የሞተባት ሴት ኢዳዋ፣ ማለትም ሳታገባ በሀዘን የምትቆይበት ጊዜ፣ 4 ወር ከ10 ቀን ነው። አሁን ከተማ ውስጥ ግን ድንኳኑ በሰልስቱ ይፈርሳል፣ ብዙ ቦታ አርባው የቅርብ ዘመድ ብቻ የሚጠራበት ሆኗል፣ ከዛ በኋላ በሩን የሚያንኳኳ የለም። እኔ ወንበሩን፣ ሰሃኑንና ብርጭቆውን ቆጥሬ የማስረክበው ሰው ስለሆንኩ ያቺን ሰአት አውቃታለሁ። ሰው ሁሉ ጫማውን እየፈለገ እየወጣ ሀዘንተኛዋ "ቡናው ሶስተኛው አልደረሰም እኮ፣ የት ትሄዳላችሁ" ትላለች፣ እኛ ደሞ ድንኳኑ ሌላ ቦታ ይፈለጋልና እንቸኩላለን።

ሀዘኑ ብዙ ጊዜ የሚብሰው ከዛ በኋላ ነው። ሚስቱ የሞተችበት ጎረቤታችን በለቅሶው ሰሞን ሰው ከቦት ቆፍጠን ብሎ ነበር፣ በሁለተኛው ወር ግን ሽሮው የት እንደሚቀመጥ ጠፍቶት ጓዳ ውስጥ ቆሞ ሲያለቅስ ልጁ አገኘችው፣ ያኔ አንዳችንም አጠገቡ አልነበርንም። ይሄን ስነግራቸው "አሁንም አልወጣለትም እንዴ?" ያሉ ሰዎች አሉ! የአለም ጤና ድርጅት ራሱ እኮ ሀዘን ህመም ሆኗል የሚለው ከ6 ወር በላይ ቆይቶ ሰውየውን መኖር ሲከለክለው ነው፣ የአሜሪካ የአእምሮ ሀኪሞች ማህበርም በ2022 ለአዋቂ ቢያንስ አንድ አመት ብሎ አስቀምጦታል፣ እኛ በአርባ ቀን ምን አስቸኮለን።

በተቃራኒው ደሞ ያላለቀሰውን እንፈርድበታለን። "እናቷ ሞታ እንባ ጠብ አላላትም፣ አይ ጭካኔ" ይባላል፣ ወይ "ይቺ አንድ ቀን ትፈነዳለች" ይባላል። የማይፈነዳ ብዙ ነው። ጥናቶችም ከሀዘንተኞች ብዙዎቹ ሳይሰበሩ ወደ ኑሯቸው እንደሚመለሱ አሳይተዋል፣ ይሄ አለመውደድ አይደለም። ጨቅላ ለሞተባት እናት "ወጣት ነሽ፣ እግዜር ይተካልሻል" ማለትንም ብንተወው ጥሩ ነው፣ እሷ የምታለቅሰው ለዛኛው ልጅ ነው።

ህጻናትም ጋር እንደዛው ነን። አባቱ የሞተ ልጅ "አባትህ አሜሪካ ሄዷል" ተብሎ ነበር፣ ለቅሶው እንዳይገባው አክስቱ ቤት ወስደው አስቀመጡት። ትንሽ ቆይቶ ምን አለ መሰላችሁ፣ "የነ እንትና አባት ከአሜሪካ ይደውላል፣ የኔ ተጣልቶኛል"። ህጻን ልጅ እኮ ሞት መመለሻ እንደሌለው በአንዴ አይገባውም፣ ግን ሞቷል ብሎ በእርጋታ በቀላል ቃል መንገር ይሻላል፣ ደጋግሞ ቢጠይቅም ደጋግሞ መመለስ ነው።

ከሁሉም የሚያበሽቀኝ ግን የመርዶ ድብብቆሹ ነው፣ በተለይ አረብ አገር ላሉ ልጆቻችን። "ስራዋን ጥላ ትመጣለች፣ ኮንትራቷን ትጨርስ" ተብሎ ወራት ይደበቃል። እኛ ሰፈር አንዷ ቤሩት ሆና እናቷ ከተቀበሩ በኋላ የስኳር መድኃኒት መግዣ ብላ ብር ትልክ ነበር፣ በደወለች ቁጥር "ተኝተዋል"፣ "ጸበል ሄደዋል"፣ "ኔትወርክ እምቢ አለ" ትባላለች። መጨረሻ ላይ ያወቀችው የሩቅ ዘመድ ፌስቡክ ላይ ፎቶአቸውን ከሻማ ጋር "ነፍስ ይማር" ብሎ ለጥፎ ስታየው ነው፣ በአሰሪዎቿ ኩሽና ውስጥ፣ ብቻዋን። ድሮ መርዶ በጠዋት ዘመድ ተሰብስቦ በር ላይ ቆሞ የሚነገረው እኮ የሚይዝና የሚደግፍ ሰው እንዲኖር ነበር። እዛ ያለች ጓደኛዋን ወይ የቤተክርስቲያኗን ሰው አግኝቶ እረፍቷ ቀን ሄደው እንዲነግሯት ማድረግ ይቻል ነበር። ቤተሰቦቿ ክፉ ሆነው አይደለም፣ ማዳናቸው መስሏቸው ነው። እሷ ግን እስካሁን የሚያንገበግባት ከሞቱ በላይ ያ የመድኃኒት ብር ነው።

በመጨረሻው የእድር ስብሰባችን አንድ ሀሳብ አቅርቤ ነበር፣ ከለቅሶው በኋላ በሁለተኛው ወር፣ በመንፈቅና በሙት አመት ሁለት ሁለት እድርተኛ ተመድቦ ሀዘንተኛው ቤት ሄዶ ቡና ይጠጣ፣ ድንኳን የለ፣ ወጪ የለ። አንዱ ተነስቶ "የተረሳ ቁስል መቀስቀስ ነው" አለ። የተረሳ ቁስል የለም እኮ፣ ልጇ የሞተችባት ጎረቤቴ "ስሟን የሚጠራልኝ ሰው አጣሁ" ነው ያለችኝ። ሌላው ደሞ የቀረ ሰው ይቀጣ አይቀጣ ብሎ ጭቅጭቅ ተነሳና ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ተላለፈ። እንደዚህ አይነት ነገር የጀመረ እድር ካለ እባካችሁ በጋዜጣችሁ በኩል ይጻፍልን፣ በተለይ የቅጣቱን ነገር እንዴት እንደያዙት።

የሰፈር እድር ጸሐፊ
ከአዲስ አበባ