በረዶ ላይ የቆምሽበት ፎቶ

ሚጣዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ ጉልበቷን ያማታል፤ ስግደቱን ግን ተይ ብላት አልሰማ ብላለች።

የምጽፍልሽ ስለ ፎቶው ነው። የአክስትሽ ልጅ ትናንት ስልኩን ከፍቶ "ሚጣ ባሕር ላይ ቆማለች" እያለ ለቤቱ ሁሉ አዞረው። እናትሽ "እንደ ጴጥሮስ" ብላ ሳቀች። ጴጥሮስም መስጠም ጀምሮ ነበር። ከኋላሽ ያለውን የጥድ ረድፍ አይቼ የሪጋው ባሕር ዳር ቬጻኪ መሆኑን ወዲያው አወቅሁ፤ ከዳር ርቀሽ ገብተሻል፣ ወሩ ደግሞ መጋቢት ነው። በረዶ ላይ አትውጪ።

"ብዙ ሰው ነበረበት እኮ" እንደምትዪኝ አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 በማርች ማብቂያ ላይ እዚያው የሪጋ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ በረዶው ተገንጥሎ ከ200 በላይ ሰው ይዞ ሄዷል። በሄሊኮፕተርና በጀልባ ነው የተለቀሙት። የባሕር በረዶ ወፍራም ነው ተብሎ አይታመንም፤ ነፋስ ከየብስ ወደ ባሕር ከነፈሰ አንቺ ሳትሰሚ ከዳር ይላቀቃል፤ ዞር ስትዪ በመካከል ውሃ ነው።

ባለፈው ስንደዋወል "አባዬ፣ ሪጋ ትንሽ ናት፣ አይቼ ጨረስኳት" አልሽኝ። ለካ መሬቱን ጨርሰሽ ነው ባሕር ላይ የወጣሽው! ምኑን ነው የጨረስሽው? ያ ሁሉ ሰው ፎቶ የሚነሳበት የጥቁር ራሶች ቤት በእኛ ጊዜ ጭራሽ አልነበረም፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወድሞ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው እንደገና ተሠርቶ ያለቀው። አሮጌ ነገር ካማረሽ ትምህርት ቤትሽ ያለበትን ደሴት፣ ኪፕሳላን ዙሪዋ። የእንጨት ቤቶቹን ሰፈር ይዘሽ ስትሄጂ ጥቁር ጎተራ የመሰለ ቤት ታገኛለሽ፤ የዣኒስ ሊፕኬ መታሰቢያ ነው። ሰውየው የወደብ ሠራተኛ ነበር። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1941 በኖቬምበር 30 እና በዲሴምበር 8፣ በሁለት ቀን ብቻ፣ ሩምቡላ ጫካ ውስጥ 25,000 ያህል አይሁዶችን ሲገድሉ፣ እሱ ለሥራ ከሚወጡት አይሁዶች መካከል እየሸሸገ ያስቀር ጀመር። ከሚስቱ ከዮሐና ጋር ከ40 በላይ ሰው አተረፈ። የማገዶ ቤቱ ሥር 3 ሜትር በ3 ሜትር ጉድጓድ ቆፍሮ ነው የደበቃቸው። ከላይ ሆነሽ ቁልቁል የምታዪበት ቦታ አለው አሉ፤ እዚያ ቆመሽ አስቢልኝ።

የሚቆጨኝ ምን መሰለሽ? ሊፕኬ ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። እኔ ያኔ ሪጋ ተማሪ ነበርኩ! በደሴቱ ላይ የሚያልፈውን ድልድይ በአውቶቡስ ስንት ጊዜ ተሻግሬዋለሁ። ሰውየው ከታች ቤቱ ተቀምጦ ነበር፤ ማንም አልነገረን፣ እኛም አልጠየቅንም። በሃያ ዓመት ዕድሜ ሰው ሽማግሌ ሲያይ ሽማግሌነቱን ብቻ ነው የሚያየው።

የሞስኮ ሰፈር በሚሉት በኩል ደግሞ የኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን አለች። ሉተራን ናት፤ ግን ከእንጨት የተሠራች ስምንት ማዕዘን ስለሆነች እንጦጦ ራጉኤል ትዝ ይልሻል። እኔ ናፍቆት ሲይዘኝ ዙሪያዋን እዞር ነበር፤ ካድሬዎቹ እንዳያዩኝ መንገድ የጠፋብኝ መስዬ። ኬሜሪም በባቡር ይደረሳል፤ እዚያ ረግረጉ ላይ ጣውላ ተነጥፎ መንገድ ተሠርቷል። ጥቋቁር ኩሬዎችና ዕድሜያቸው ገፍቶ ቁመታቸው ያጠረ ጥዶች ታያለሽ። ከጣውላው አትውረጂ። ብቻሽን አትሂጂ። ለማንኛውም የእርዳታ ስልኩ 112 ነው፤ አሁኑኑ ስልክሽ ላይ ጻፊው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጋሼ ካልሲን ታውቂዋለሽ። እናንተ ልጆቹ ለምን ካልሲውን እንደማያወልቅ ስትጠያየቁ፣ "ጦር ሜዳ ነው" ብሎ የነገራችሁ እሱ ነው፤ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ጦር ሜዳ አይደለም። የካቲት 1978፣ መዣፓርክስ ካለው ኪሼዘርስ ሐይቅ ላይ ነው። በ11 ቁጥር ትራም ሄድን። ዓሣ አጥማጆች በረዶውን በስተው፣ ሳጥን ላይ ተቀምጠው ያጠምዳሉ። እሱ ዳር ቆመ፣ አልገባም አለ። "የጣና ልጅ ሆነህ ውሃ ትፈራለህ?" አልኩት። ደግሜ አልኩት። ሦስተኛም አልኩት መሰለኝ።

በረዶ ሲሰነጠቅ ድምፁ እንደ ሩቅ ጥይት ነው። እስከ ብብቱ ገባ። እኔ፣ የተናገርኩት ሰው፣ ከቆምኩበት ንቅንቅ አላልኩም፤ እግሬ እንቢ አለ። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ በሆዱ ተኝቶ፣ መብሻውን ወደ ፊት እየገፋ ደረሰለትና ጎትቶ አወጣው። የራሱን ካፖርት አውልቆ አለበሰው። ከዚያ ምንም ሳይናገር ሳጥኑን ይዞ ሄደ። የጋሼ ካልሲ የግራ እግር ሁለት ጣቶች ግን አልዳኑም፤ ሐኪም ቤት ተቆረጡ።

ካፖርቱን "በሚቀጥለው እሑድ እንመልሳለን" አልን። ፈተና መጣ። እሑዱ አለፈ፣ በረዶው ቀለጠ፣ ዓሣ አጥማጆቹም ተበተኑ። በሚቀጥለው ክረምት እንሄዳለን አልን፤ ሳንሄድ ተመረቅን። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ያለው፣ እናትሽ በየዓመቱ "ይህን ጣለው" የምትለው ጥቁር ካፖርት እሱ ነው። ስትሄጂ ሻንጣሽ ውስጥ ልከተው አውጥቼው ነበር፤ ምክንያቱን እንዳትጠይቂኝ ፈርቼ መልሼ ሰቀልኩት።

እንግዲህ በረዶ ላይ አትውጪ። ከተሰነጠቀብሽ ግን ቆመሽ አትሩጪ፤ ተኝተሽ፣ እጅሽን ዘርግተሽ፣ በመጣሽበት በኩል ተንከባለዪ።

የመኖሪያ ፈቃድሽ መቼ እንደሚያልቅ ጽፈሽ ላኪልኝ። ጾሙን በዳቦ ብቻ አትግፊው፤ ገበያው ውስጥ የኮመጠጠ ጥቅል ጎመን ሞልቷል፣ ግሬችካ የሚሉትንም እህል ቀቅዪ። ጫማሽን ማሞቂያው ላይ አታድርቂ፣ ይሰነጠቃል።

የጎረቤታችን ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት በዚያ በኩል ያልፋል፤ አንድ ኪሎ የይርጋ ጨፌ ቡና፣ ተቆልቶ ተፈጭቶ፣ በሁለት ከረጢት እልካለሁ። አንዱ ያንቺ ነው። ሌላውን ኪሼዘርስ ሄደሽ፣ ያገኘሽው ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ማንም ይሁን ማን፣ ስጪልኝ። ዳር ሆነሽ ጥሪው። እሱ ይምጣ።

አባትሽ