ዳማውን ወደ ጋሪ ስትመልሰው

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን፤ እናትህ ሰላም ብላሃለች።

ሐኪሙ «ዳማውን ፈረስ ማንሸራሸር ጀምሩ» ማለቱን ሰምቼ ደስ አለኝ። ማንሸራሸር ማለት ግን ጋሪ መጎተት አይደለም። የቀኝ ፊት እግሩ እብጠት ቢሸሽም የተጎዳው ጅማት ደም እምብዛም ስለማይደርሰው አጠጋገኑ አዝጋሚ ነው፤ ሙሉ ጥንካሬውን ለማግኘት ወደ ዓመት ይጠጋል።

ከምግቡ ጀምር። ሥራ ፈትቶ ከርሞ ገብሱና ፉርሽካው እንደ ድሮው ከቀጠለ ይፈነጭብሃል። ይባስ ብሎ ሥራ በጀመረበት ቀን የወገቡና የታፋው ሥጋ እንደ ድንጋይ ደርቆ ያላበዋል፣ ሽንቱም ቡና ይመስላል። ያን ጊዜ አንድ እርምጃ አታስኪደው፤ ባለበት አቁመህ ሐኪም ጥራ። ስለዚህ እህሉን በግማሽ ቀንስ፤ ድርቆሽና ውሃ ግን አይጉደልበት።

ጠዋት ሳታወጣው የሁለቱንም ፊት እግሮች ቅልጥም ከኋላ በኩል፣ ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት፣ በእጅህ ጀርባ ዳብስ። ቀኙ ከግራው ሞቅ ካለ ወይም ስትጫነው እግሩን ከነጠቀህ የዚያን ቀን አታውጣው፤ 20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስስበት። ሲራመድ ደግሞ ራሱን ተመልከት፦ የታመመው እግር መሬት ሲነካ ወደ ላይ ይሰቅለዋል። ሰው ደነበረ የሚለው ፈረስ ብዙ ጊዜ ያመመው ነው። መጀመሪያ ሕመሙን ፈልግ፣ ከዚያ ጠባዩን ውቀስ።

ስትቀርበው በግራ ትከሻው በኩል፣ እያናገርከው ይሁን፤ ልክ ከጭራው ኋላና ከግንባሩ ፊት ያለውን አያይም። ገመዱን አጣጥፈህ ያዝ እንጂ እጅህ ላይ አትጠምጥመው። ከበረገገ ይዘኸው አትንጠልጠል፤ ገመዱን ሳብ አድርገህ ወዲያው አላላው። የማያቋርጥ ጉተታ መታገያ ይሆነዋል። ሸበጥም አታድርግ።

በመጀመሪያው ሳምንት ጠዋትና ማታ 10 ደቂቃ፣ ከዚያ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ ጨምር። ሶምሶማ ሐኪሙ ሳይፈቅድ የለም። ባጃጁ ሳይወጣ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ መሬቱ ጠንከር ባለ ሜዳማ መንገድ በቀጥታ ውሰደው፤ ጠባብ መዞሪያ ጅማቱን ይጎትታል። ጣና ዳር ነፋሻ ነው ብለህ ወደ ደንገሉ አትውረድ። ጭቃው እግሩን ይውጥና ሲያወጣ ያው ጅማት ይወጠራል፤ ከደንገሉ መሀል ወፍ ብድግ ሲልማ በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ ነው።

የጋሪው ተራ ሲደርስ ሁለት ሰው ሁኑ። መጀመሪያ አንተ ዳማውን እየመራህ ጓደኛህ ባዶውን ጋሪ ራቅ ብሎ ይግፋ፤ ፈረሱ ኮሽታውን ከለመደ፣ ጆሮውን ካላላና ምራቁን መዋጥ ከጀመረ ጠጋ ይበል። ስትጠምደው ልጓሙ አስቀድሞ ይግባ፣ አንዱ ፊቱ ቆሞ ይያዘው፣ ጠፍሮቹ ከዚያ ይታሰሩ። ስትፈታ ልጓሙ የመጨረሻ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ፈረሱ ደክሞታልና ይታገሣል ብሎ ጋሪው ሳይፈታ ልጓሙን ያወልቃል። የዓይኑ መከለያ ከልጓሙ ጋር ስለሚወጣ ፈረሱ ድንገት ኋላው የተጣበቀውን ነገር ያያል፤ ሲሮጥም ጋሪው አብሮት ይሮጣል፤ የምትይዘው ነገር የለህም።

ጭነት የሚጀመረው ባዶውን ጋሪ ሁለት ሳምንት ያለ ችግር ከጎተተ በኋላ፣ በግማሽ ኩንታል። ጠፍሩ የሚያርፍበት ደረቱና ወገቡ በዕረፍቱ ለስልሷልና ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ፀጉሩ የተላጠበት ካለ ፈልግ።

ስትጽፍልኝ የቀኙ እግር ሙቀት ከግራው እንዴት እንደሆነ ለይተህ ንገረኝ።

አባትህ