የመለኪያ ሲሊንደሩን ከስቶር አውጡልን

ሰላም የጋዜጣው አዘጋጆች። እኔ ሰበታ አካባቢ ኬሚስትሪ የማስተምር ሰው ነኝ፣ የትምህርት ቤቱን ስም ይለፉኝ። ሰሞኑን ልጆቹን እስቲ 100 ሚሊ ውሃ ለክታችሁ አምጡ አልኳቸውና ሁሉም ግሩፕ በቢከር (አፈ ሰፊው የላብራቶሪ ብርጭቆ) ቀድቶ መጣ፣ ሚዛን ላይ ስናስቀምጠው 100 ግራም ገደማ መሆን ሲገባው የአንዱ 96 ግራም የሌላው 104 ምናምን፣ "ቲቸር ሚዛኑ ተበላሽቷል" አሉኝ። ሚዛኑ ምንም አልሆነም። ቢከር ላይ ያለው መስመር ለግምት ነው እንጂ ለልክ አይደለም፣ ብዙዎቹ ላይ እራሱ ±5% የሚል ተጽፎባቸዋል፣ ሱቅ ዘይት በተቆረጠ ሃይላንድ ሲለካላችሁ የምትጨቃጨቁበት ነገር ማለት ነው።

በትክክል የሚለካበት ሲሊንደር (መስመር ያለው ቀጥ ያለ ረጅም መለኪያ) እና ፒፔት (ፈሳሽ ተስቦ የሚለካበት ቀጭን ቱቦ) የለም እንዳትሉ፣ አለ፣ ስቶር ውስጥ ካርቶኑ እንኳን ሳይከፈት ተቆልፎበታል። ንብረት ክፍሉ "ከሰበራችሁ ከደሞዛችሁ ነው" ይላል፣ በስሙ ስለተመዘገበ እሱንም አልፈርድበትም።

ስለዚህ ሜኒስከስን (መለኪያ ውስጥ ያለ ፈሳሽ የሚሠራውን ጎባጣ ወለል) በጠመኔ ስዬ ነው የማስተምረው። የውሃው ወለል ጎድጎድ ስለሚል ከታችኛው ነጥብ፣ በዓይን ትክክል ይነበባል፣ ይሄን ሁሉም በቃሉ ይዞታል፣ ፈተና ላይም ይመልሳል። አንዴ ለምኜ አንድ ሲሊንደር አስወጥቼ ሰጠኋቸው፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ቆመው ከላይ ቁልቁል አዩት፣ እንደዛ ሲታይ ደግሞ ካለው በላይ ነው የሚነበበው! ፒፔትማ አይወራ፣ በአፉ ሊስበው የሞከረም አለ (አሲድ ቢሆንስ?)፣ ጫፉ ላይ የምትቀረዋን ጠብታም እፍ ብለው ያወጧታል። እሷ እኮ ፒፔቱ ሲሠራ ጀምሮ ተቀንሳ ነው የተለካው፣ እፍ ይባል የሚል ምልክት ከሌለው በቀር አትነካም። ጥሩ የሚባለው የ10 ሚሊ ፒፔት ስህተቱ 0.02 ሚሊ ነው፣ አንድ ጠብታ ግን 0.05 ገደማ ትሆናለች፣ እንግዲህ አስቡት፣ በአንድ እፍታ የመሣሪያው ጥራት ገደል ገባ ማለት ነው። ይሄ ደግሞ በስዕል አይገባም፣ እጅ ነው የሚማረው።

አሁን ከፋርማሲ በራሴ ብር ስሪንጅ እየገዛሁ ነው የምንሠራው፣ ከቢከር በብዙ ይሻላል ግን ለታይትሬሽን (አንዱን ፈሳሽ በሌላው ላይ በልክ እየጨመሩ መጠኑን ለማወቅ) የሚሆን አይደለም።

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም፣ በሳምንት አንድ ቀን ቁልፉ ይሰጠን፣ ለሚሰበረውም በዓመቱ በጀት ላይ ትንሽ ይያዝለት። ጠመኔ ስላለቀ ከደሞዙ የተቆረጠበት አስተማሪ አላውቅም።

አንድ የኬሚስትሪ መምህር፣ ከሰበታ