ፊደል አልጽፍ ያለ ኮምፒውተር ሁሉ አልሞተም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ አሮጌ ኮምፒውተሮች የወጣውን ምክር አነበብኩት። ኪቦርዱ አልሠራ ካለ ከፍታችሁ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት፣ ካልሆነ ጣሉት ይላል። እባካችሁ፣ ሁለቱንም አታድርጉ!

እንዲህ የምለው እዚህ ደብረ ብርሃን ኮሞዶር 64 የሚባል አንድ አሮጌ ኮምፒውተር እጄ ላይ ስላለ ነው። ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ድሮ ከጀርመን ይዘውት የመጡት ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1982 ገበያ ላይ የወጣ ዓይነት ነው፤ ሚሞሪው 64 ኪሎባይት ብቻ፣ ኪቦርዱና ኮምፒውተሩ አንድ ሳጥን ውስጥ ያሉ፣ ከቴሌቪዥን ጋር ተገናኝቶ የሚሠራ። "ያሳየኋቸው ሁሉ አበቃለት አሉኝ፣ እስቲ አንተ እየው" ብለው ሰጡኝ።

ኪቦርዱን ከመንካታችሁ በፊት ፓወር ሰፕላዩን፣ ማለትም ለማሽኑ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ሳጥን፣ ለኩ። የዚህ ማሽን የጥንቱ ፓወር ሰፕላይ ሲያረጅ 5 ቮልት መስጠት ያለበት መስመር ከልኩ ያልፍና ሚሞሪውን ያቃጥለዋል። በቴስተር ሳይለኩ ማብራት እብደት ነው።

ከዚያ እያንዳንዱን ቁልፍ እየተጫናችሁ የማይጽፉትን ወረቀት ላይ መዝግቡ። ምክራችሁ የዘለለው ይህንን ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ የየራሱ ሽቦ የለውም። 8 መስመር በቁመት፣ 8 መስመር በአግድም ሆነው እንደ መንዝ ባና ድርና ማግ ይተላለፋሉ፤ ቁልፍ ሲጫኑ አንዱ ከአንዱ ይነካካል፣ ማሽኑም የተነካኩበትን ቦታ አይቶ ፊደሉን ይለያል። ስለዚህ 5፣ 6፣ አር፣ ዲ፣ ሲ፣ ኤፍ፣ ቲ እና ኤክስ ባንዴ ከጠፉ፣ ስምንቱም አንድ መስመር ላይ ስለሆኑ ጥፋቱ ከቁልፎቹ አይደለም። ወይ የመሰኪያው ፒን ነው፣ ወይ ብየዳው ለቋል፣ ወይ ደግሞ ኪቦርዱን የሚያነበው 6526 የሚባለው ቺፕ ተበላሽቷል። ታዲያ እዚህ ላይ የብርጭቆ ወረቀት ምን ሊፈይድ ነው? ማሽኑ ውስጥ እንዲህ ያለ ቺፕ ሁለት አለ። ሶኬት ላይ የተቀመጡ ከሆነ አጥፍታችሁ ቦታ አለዋውጧቸውና ሞክሩ፤ ኪቦርዱ ከዳነ ጥፋተኛው ታወቀ ማለት ነው። ጆይስቲክም (የጌም መጫወቻው እጀታ) ከተሰካ ቀድማችሁ ንቀሉት፣ መስመሩን ከኪቦርዱ ጋር ይጋራል።

የጠፉት ፊደሎች ወዲያና ወዲህ የተበታተኑ ከሆነ ግን ቆሻሻ ነው። የኛው እንደዚያ ነበር፤ አቧራውና የኩበቱ ጢስ ባለበት ቤት ዝም ብሎ ስንት ዓመት ተቀምጦ ምን ይጠበቃል? ከኪቦርዱ ጀርባ ያሉትን ትንንሽ ብሎኖች ትፈታላችሁ፣ ሺፍት ሎክ (ሺፍትን እንደተጫነ የሚያቆየው ቁልፍ) ላይ የተበየዱትን ሁለት ሽቦዎች ታላቅቃላችሁ፣ ያኔ ሰርኪዩቱ ይነሳል። ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ያለችው ጥቁር ጎማ ከሰርኪዩቱ ጋር የምትነካካበትን ቦታ በጥጥና በአልኮል ቀስ አድርጎ መጥረግ ነው፣ በቃ። የብርጭቆ ወረቀት ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈውን የካርቦን ሽፋን ልጦ ያወጣዋል፣ ከዚያ ወዲያ እውነትም ሞተ። (አንዱ ወዳጄ "የደብረ ብርሃን አረቄ እያለ አልኮል ከፋርማሲ ትገዛለህ?" አለኝ። አረቄው ለጠጪው ይሁን፣ ውሃው ይበዛል።) ሳይደርቅ አትግጠሙት፤ ብሎኑንም ስትመልሱ አታጥብቁት፣ ፕላስቲኩ ይበላል።

ሪስቶር የሚባለው ቁልፍ ደግሞ ከነዚያ መስመሮች ውጪ ነው። ብዙዎቹ ማሽኖች ላይ ፈጠን ጠንከር ተደርጎ ካልተመታ አይሰማም፣ ተበላሽቷል ብላችሁ አትልፉ። ፊደል ስትጽፉ የሥዕል ምልክት ከመጣባችሁም ሺፍት ሎክ ተጭኖ እንዳይሆን እዩ።

አሁን የጋሼ ማሽን ይጽፋል። አንድ ቁልፍ ብቻ ሞላው ጠፍቶ ከወረደ አይመለስም። ደብረ ሲናም ሆነ ሸዋ ሮቢት፣ ወይም አዲስ አበባ፣ የማይሠራ ኮሞዶር 64 የጣለ ሰው ካለ ከኪቦርዱ አንድ ሞላ ይበቃኛል፣ በዝግጅት ክፍላችሁ በኩል ያሳውቀኝ። የብርጭቆ ወረቀቷን ነገር ደግሞ በሚቀጥለው እትም አርሟት።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን