ለሊዱ፣ ለኮስት ጋርድ ሥልጠና ወደ ኬፕ ሜይ ከመሄድሽ በፊት

ሊዱዬ፣ የኔ እናት፣

ይህን ደብዳቤ ቦርሳሽ ውስጥ የማስቀምጠው እናትሽ ፊት ብናገረው ስለምታለቅስ ነው። እሷ ካለቀሰች ደግሞ እኔም አልችልም።

የአሜሪካን የባሕር ዳርቻ የሚጠብቀው ኮስት ጋርድ ልገባ ነው ስትይ ዝም ያልኩት ተቆጥቼ አይደለም። አያትሽ፣ አባባ፣ ትዝ ብሎኝ ነው። ያንቺን ቆራጥነት ወድጄዋለሁ፣ እኮራብሻለሁም። አንድ ነገር ግን ስሚኝ፦ የነፍስ አድን ጃኬትሽን በደንብ ሳታስሪ ጀልባ ላይ አትውጪ። ባሕሩ ጸጥ ቢል፣ ዳርቻው ቅርብ ቢሆን፣ ጓደኞችሽ ቢስቁብሽም አትውጪ።

ወንዙ ዳር ያለው ጆንስ ፖይንት መቼም አይረሳሽም። አንቺና ወንድምሽ ድልድዩ ስር ኳስ ስትራገጡ እኔ ከሌሊት ሥራ ወጥቼ እዚያች ነጭ ቤት አጠገብ እቀመጥ ነበር። ያኔ ልጅ ስለነበርሽ ታሪኳን በሙሉ አልነገርኩሽም። አሁን መንገድሽ ሆኗልና ልንገርሽ። ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ።

በ1855 ተሠርታ በ1856 የበራች የመርከብ መብራት ናት። ረጅም ማማ የላትም። ጣሪያዋ ላይ መብራት የተቀመጠባት ተራ የእንጨት ቤት ናት፤ ጠባቂው ከነቤተሰቡ እዚያው ይኖር ነበር። በፖቶማክ ወንዝ ወደ አሌክሳንድሪያ ከተማችን የሚመጣ መርከብ ውሃው ስር ካለው አሸዋ ላይ እንዳይወጣ ሌሊቱን ታበራለት ነበር። በ1926 ሥራዋ አበቃ። አጠገቧ የብረት ማማ ቆሞ ተካት።

እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ያገር ታሪክ የሚጠብቁ ሴቶች፣ የአሜሪካ አብዮት ሴት ልጆች የሚባለው ማኅበር አባላት፣ ቤቷን ተረከቧት። የዋሽንግተን ዲሲ የመጀመሪያው የወሰን ድንጋይ በ1791 የተተከለው እዚያው ወንዙ ዳር ነው። ቤንጃሚን ባኔከር የተባለው ጥቁር የከዋክብት አዋቂ ለቀያሾቹ ሰማዩን እየለካ የረዳው እዚያ ነው። አሁን እዚያ ያለው ድንጋይ በግንብ ተሸፍኖ ኖሮ የተገለጠው በ1912 ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ሠራዊቱ ቦታውን ያዘው። ቤቷም ተጎዳች፣ ተሰባበረች። በ1964 የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ተረከባት። በ1995 መብራቷ እንደገና በራ።

ከ1926 እስከ 1995 ቁጠሪው እስቲ። የሚፈልጋት መርከብ አልነበረም። ገንዘብ አታስገባም። እንዲያም ሆኖ «ይቺ አትፈርስም» የሚል ሰው አላጣችም። እኔ እነዚያን ሰዎች በጣም ነው የማከብራቸው። ያንቺም መሥሪያ ቤት እኮ የአገሪቱን የመርከብ መብራቶች በሙሉ በ1939 በአደራ የተረከበ ነው። ይህን ይዘሽ ግቢ።

ትርፍ መነጽርሽን ይዘሻል? ካልያዝሽ አሁኑኑ ተነሽና አምጪ።

አያትሽ በጃንሆይ ጊዜ ባሕር ኃይል ገብቶ «ኢትዮጵያ» በምትባለው መርከብ ላይ እንደሠራ ታውቂያለሽ። በ1962 ከአሜሪካ የመጣችው ናት። ከዳህላክ በኩል በሌሊት ሲመለሱ የምጽዋን መብራት ቀድሞ ያየ ሰው ይጮህ ነበር ይለኝ ነበር። ሁሉም ይነቃል። ለቤቱ ደብዳቤ የሚጽፈው ይጽፋል፣ ጢሙን የሚላጨው ይላጫል። ይህን ሲያወራ ፊቱ ይበራ ነበር። ስለ አንድ ጓደኛው ሲያነሳ ግን ድምፁ ይቀየራል። ልጁ ዋና የሚችል፣ ጠንካራ፣ በሳቁ የሚታወቅ ነበር። በጠራራ ፀሐይ፣ ወደቡ እየታየ፣ ትንሿን ጀልባ ሊያስር ወርዶ ወደቀ። ጃኬቱ እዚያው ጀልባዋ ውስጥ ታጥፎ ተቀምጦ ነበር። አባባ እስኪሞት ድረስ የዚያን ልጅ ስም ጸሎቱ ውስጥ ይጠራ ነበር። ስለዚህ ጃኬትሽን ሳታስሪ አትውጪ ስልሽ የሽማግሌ ፍርሃት ነው አትበይኝ።

ምጽዋ በ1990 ስትያዝ አባባ ጡረታ ወጥቶ አዲስ አበባ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሕር አላየም። ጆንስ ፖይንት ላመጣው ነበር ሐሳቤ። ውሃ ዳር አስቀምጬ፣ ቡና በፔርሙስ ይዤ፣ መብራቷን ላሳየው። ቪዛው ሳይሳካ ቀረ፤ እሱም አለፈ። ይኸው እስከ ዛሬ በዚያ በኩል በነዳሁ ቁጥር ሆዴን ይበላኛል። አንቺን በዩኒፎርም ቢያይሽ ምን ይል ነበር!

በይ፣ ሌላውን ልጨርስ። የባንክ ካርድሽን ለማንም አታውሺ። ካልሲ ጨምሪ፤ እግርሽ ቶሎ እንደሚላጥ አውቃለሁ። ስልክ እንደሚወስዱባችሁ ነግረሽናል፣ ስለዚህ ደብዳቤ ጻፊ። ለእኔ በእንግሊዝኛም ይሁን፣ ለእናትሽ ግን በአማርኛ ጻፊላት፤ ፊደልሽ ቢንጋደድ ግድ የላትም። አለቃ ሲቆጣሽ ዝም ብለሽ ስሚ። ቤት እንደለመድሽው መልስ አትስጪ። ጃኬትሽን ደግሞ፣ አደራ፣ ዘለበቱ ቀጭ ሲል ሰምተሽ ነው የምትወጪው።

ስምንቱ ሳምንት አልቆ ስትመረቂ ሁላችንም እንመጣለን። ኬፕ ሜይም በ1859 የተሠራ የመርከብ መብራት ማማ አለ፣ 199 ደረጃ ነው። ጉልበቴ ከፈቀደ አብረን እንወጣዋለን። እናትሽ ዶሮ ወጥ ይዤ ካልሄድኩ ብላለች። ምግብ ማስገባት ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቀሽ ቀደም ብለሽ ጻፊልን፤ ሽንኩርቱን ከዋዜማው መክተፍ አለባት።

አባትሽ