ደም የሚያስፈራው የጤና ባለሙያ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

በቱሉ ዲምቱ አካባቢ በአንድ ጤና ጣቢያ የማገለግል ነርስ ስሆን፣ ደም ሳይ ራሴን እስከ መሳት የሚያደርሰኝ ፍርሃት አለብኝ። ባልደረቦቼ ሙያ እንድቀይር፣ እናቴ ደግሞ ጠበል እንድጠመቅ ይመክሩኛል፤ ምክራቸውን ባከብርም፣ ችግሩ ሕክምና እንዳለው በሰፊው ሊታወቅ ይገባል። በዚህ ፍርሃት የደም ግፊት ለጥቂት ጊዜ ከጨመረ በኋላ በድንገት ስለሚወርድ፣ ወደ አንጎል የሚደርሰው ደም ይቀንስና ሰው ይወድቃል። ስለሆነም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ላርስ ጎራን ኦስት ያስተዋወቁት ዘዴ ሰውነትን ማዝናናት ሳይሆን፣ የእጅ፣ የእግርና የሆድ ጡንቻን ከ10 እስከ 15 ሰከንድ አጥብቆ መወጠር፣ ከዚያም ለቀቅ አድርጎ ይህንኑ መደጋገም ነው። እኔም በዚህ መንገድ ሥራዬን ቀጥያለሁ። የጤና ኮሌጆች ተማሪዎቻቸውን ገና ሲቀበሉ ስለዚህ ፍርሃት ያለ ነቀፋ ቢጠይቁና ዘዴውን ቢያስተምሩ፣ አፍረው ትምህርት የሚያቋርጡትን ጎበዝ ልጆች ማትረፍ ይቻላል።

ከአክብሮት ጋር፣
ነርስ፣ ከቱሉ ዲምቱ